ተዟዟሪው ሶፋ

እኛ ሰፈር አንድ አባባል አለች። ሰው ችግሩን ውጦ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ "ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝ" ሲል ትልልቆቹ ሰዎች ይተያዩና ይተርቷታል። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሲሰማት "ይቺን ደግሞ ከየት አመጣችኋት?" ይላል። ከየትም አላመጣናትም። እዚሁ ነው የተወለደችው፤ የተወለደችበት ቤትም እስካሁን አለ። ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

እኔ የምነግራችሁ አክስቴ ብርቄ እንዳወራችኝ ነው። እሷ ደግሞ ከሰው ሰምታ አይደለም፤ ራሷ ተሸክማ ነው። ምን እንደተሸከመች ስደርስበት ታዩታላችሁ።

ሰፈራችን ጥድ ሥር ይባላል። ድሮ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይበላ ነበር አሉ፤ ሰው አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ አንዱን ባዶውን ቤቱ ይገባል። ከዚያ አስፋልት መጣ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ምን ልበላችሁ! ችግሩ አስፋልቱ ብቻውን አልመጣም። የሰፈሩ ደረጃ ከፍ ብሏል ተባለና የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ፣ ያው በየዓመቱ ለቤት የሚከፈለው፣ በአንድ ጊዜ ተቆለለ። ትንሽ ጨመረ ብትሉ ሰው ያጉረመርምና ይከፍላል። ይሄ ግን ወረቀቱን ያየ ሁሉ "የኔ ቤት ፎቅ ሆኗል እንዴ?" እያለ ወጥቶ ጣሪያውን የሚያይበት ነበር።

ከሁሉ የባሰበት ጋሽ ማንያዘዋል ነው። ዕድሜ ልኩን የእህል መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤቱን እሱና ሚስቱ እትዬ አስካለ ጭቃ ረግጠው ነው የሠሩት፤ ጣሪያው ያኔ የለበሰው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ ሳፋ፣ ድስት፣ ጣሳ ይደረደራል። ሁለቱ ከጡረታዋ ላይ እየቆነጠሩ ለአዲስ ቆርቆሮ የሚሆን ብር አጠራቅመው፣ ገና "ዘንድሮስ ደረቅ አልጋ ላይ ልንተኛ ነው" ብለው ሲደሰቱ ነው ግብሩ የመጣው። ግብሩ ከተከፈለ ቆርቆሮ የለም። ቆርቆሮ ከተገዛ ግብሩ አይከፈልም። ወሩ ደግሞ ግንቦት ነው፤ ክረምቱ በር ላይ ቆሟል።

ሰው ሲጮህ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሰማ። "አቅም የሌለው፣ ጡረተኛ የሆነ፣ ቤቱ ያረጀ ቅሬታውን ያስገባ፤ ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ አይቶ ቅናሽ ይደረግለታል" አለ። ጋሽ ማንያዘዋል ማመልከቻውን በመጀመሪያው ቀን አስገባ። ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ሲነገረው እየተፍለቀለቀ ቤቱ ገባ።

"አስኩ፣ ተገላገልን! ራሳቸው መጥተው ሊያዩ ነው። እኔ አፌን መክፈት እንኳ አይጠበቅብኝም። ጣሪያው ይናገርልኛል።"

"እነማን ናቸው የሚመጡት?"

"ኮሚቴው።"

"እዚህ? እዚህ ቤት ውስጥ?"

"ታዲያ ቤቱን ሌላ ቦታ ሄደው ሊያዩት ነው?"

እትዬ አስካለ ደረቷን መታች። "ወይኔ አስካለ! የሰው ልጅ ቤቴ ገብቶ ያንን የበሰበሰ ኮርኒስ ቀና ብሎ ሊያይ? ደግሞስ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?"

"አይቀመጡም። ቆመው አይተው ይሄዳሉ።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቤት የገባ እንግዳ ቆሞ ሄዶ አያውቅም! ጠላቴም ቢሆን ተቀምጦ ነው የሚሄደው!"

"አስኩዬ፣ እንግዳ አይደሉም እኮ። ድህነታችንን ሊያዩ ነው የሚመጡት።"

"ድህነቴን በወረቀት ነግረሃቸው የለ? አንዴ አይበቃቸውም?"

ጋሽ ማንያዘዋል የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ያቆማል። አስካለን ግን ማቆም አይችልም።

እሷም ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ለአንሶላ ያስቀመጠችውን ነጭ አቡጀዲ አወጣችና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥራ ኮርኒስ አድርጋ በሚስማር አስመታችው። መቺው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ጋሽ ማንያዘዋል ነዋ! ዝናብ ያዥጎረጎረው አሮጌ ኮርኒስ ከነቀዳዳው ተሸፈነ። ሳፋው፣ ድስቱ፣ ጣሳው አልጋ ሥር ገባ። መጋረጃ ከዚህ፣ ምንጣፍ ከዚያ፣ ከሰፈሩ ፀጉር ቤት ደግሞ የላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው ለመነች። የቀረው ሶፋ ነው።

ሶፋ ያለው እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነው። ልጇ ከአዋሳ የላከላት፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ክንዱ ላይ የተለበጠው ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ። ሲቀመጡበት "ቺርርር" ይላል። ቤቷ ከጋሽ ማንያዘዋል ቀጥሎ ሁለተኛው ነው፤ መሀል ላይ ባሏ የሞተባት እማማ ስንዱ አለች።

"ጥሩዬ፣ ለአንድ ጠዋት ሶፋሽን አውሺኝ" አለች እትዬ አስካለ።

"እኔስ አስካለ? ኮሚቴው እኔም ቤት ይመጣል እኮ። እኔም ቅሬታ አስገብቻለሁ።"

እማማ ስንዱ አጥሯ ላይ ተደግፋ ትሰማ ኖሯል። "እኔንስ ምነው ረሳችሁኝ? እኔ ቤት ሲመጡ አመድ ላይ ልዘረጋቸው ነው?"

ሦስቱ ሴቶች ተመካከሩ። ምክሩም እንዲህ ሆነ። ሶፋው በጠዋት አስካለ ቤት ይገባል። ኮሚቴው እንደወጣ በጓሮ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ገንጠል ተደርጎ፣ ስንዱ ቤት ይሻገራል። ከዚያ እንደገና በጓሮ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ኮሚቴው በፊት ለፊት፣ ሶፋው በጓሮ! ተሸካሚዎቹም አክስቴ ብርቄና ባሏ ደስታው ሆኑ። አክስቴ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት፤ እንቢ ማለት አልለመደችም።

አክስቴ እንዲያውም ጠይቃ ነበር። "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሦስታችሁም ተቸገርን ብላችሁ አመልክታችሁ ሶፋ ምን ያደርጋል?"

"አንቺ ልጅ፣ ማመልከት ሌላ፣ መታየት ሌላ!" ብላ አፏን አዘጋቻት።

ቀኑ ደረሰ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ኢንጂነር ብሩክታዊት ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ፈጣን፤ ዓይኗ ከግድግዳ አይነቀልም። ጸሐፊው አቶ ልሳኑ ነው፤ እሱ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ሦስተኛው የአገር ሽማግሌ ተወካይ ሆነው የመጡት ጋሽ ኑርዬ ናቸው፤ ከላይኛው ሰፈር፣ እጃቸው ከሙስበሃ፣ ከጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ተለይቶ የማያውቅ።

ገቡ። እትዬ አስካለ "አረፍ በሉ!" አለች። ሶፋው "ቺርርር" አለ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ቆሎ ቀረበ፣ ለጋሽ ኑርዬ ቴምር። ጋሽ ማንያዘዋል ጥግ ላይ ቆሞ እጁን ያሻሻል።

"አባባ፣ ማመልከቻዎ ላይ ጣሪያው ያፈሳል ይላል" አለች ኢንጂነሯ።

"አዎ ልጄ፣ ያፈሳል..."

"ያፈስ ነበር!" አለች እትዬ አስካለ። "ድሮ! አሁን ተመስገን ነው።"

ኢንጂነሯ ባልና ሚስቱን አየቻቸው። "አሁን የት ጋ ነው የሚያፈሰው?"

ጋሽ ማንያዘዋል ቀና ብሎ አየ። ነጭ አቡጀዲ፣ እንደ ሙሽራ ድንኳን። ሚስቱን አየ። ዓይኗ "ወዮልህ!" ይላል።

"እ... ከበላይ በኩል ነው" አለ።

"ጣሪያ ሁሉም ከበላይ ነው እኮ አባባ።"

አቶ ልሳኑ ጻፈ። ኢንጂነሯ ተነስታ ዞር ዞር አለች። መጋረጃውን አየች፣ አበባውን አየች፣ ከዚያ በሐዘን ድምፅ "ልዋሽዎት አልፈልግም" አለች። "ቅናሹ ለተቸገረ ሰው ነው የተባለው። ይሄ ቤት እኔ ተከራይቼ ከምኖርበት ይሻላል።"

ወጡ። ጋሽ ማንያዘዋል ሶፋው ላይ ተዘረጋ። "አለቀ አስኩ። የቆርቆሮዋ ብር ሄደች። ክረምቱን እንግዲህ ይሄ ሶፋ ነው የሚያሳልፈን።"

"ቢያንስ አላፈርንም" አለች አስካለ። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልወጣም።

ይሄኔ አክስቴና ባሏ በጓሮ ገቡ። "ጋሼ፣ ይነሱልን። ሶፋው ይፈለጋል።"

"እስቲ ትንሽ ልዘንበት!"

"መሬት ላይም ይታዘናል ጋሼ፣ ይነሱ፣ ደረሱ እኮ!"

ተነሳ። ሶፋው በጓሮ ወጣ። ወዲያ በኩል እማማ ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ኮሚቴውን በሰላምታ ይዛለች።

"እንዴት አደርሽ ልጄ? እናትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት እማማ። እንግባ?"

"አባትሽስ? ወንድም እህቶችሽስ? ከብቶቻችሁስ ደህና ናቸው?"

"ከብት የለንም እማማ።"

"አይዞሽ፣ ይገዛል። ጤና ካለ የማይገዛ የለም።"

ውስጥ "ዱብ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ምንድን ነው?" አለች ኢንጂነሯ።

"ድመቷ ናት።"

ጋሽ ኑርዬ "ደህና የበላች ድመት ናት" አሉ።

ገቡ። አክስቴ በጓሮ ለመውጣት ጊዜ አጥታ ከመጋረጃ ኋላ ተጣብቃለች፤ ደስታው አመለጠ፣ እሷ ቀረች። እማማ ስንዱ "አረፍ በሉ!" አለች። ሶፋው "ቺርርር" አለ።

ጋሽ ኑርዬ ከጋሽ ማንያዘዋል ቤት ከወጡ ጀምሮ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ነበር። የኮታቸውን ኪስ፣ የውስጡን ኪስ፣ የሸሚዛቸውን። አሁን ተቀምጠውም አልተዉም። ከዚያ እጃቸው በሶፋው ሥንጥቅ ገባ። ቆም አሉ። ቀስ ብለው ጎተቱት። ሙስበሃው እየተንጠለጠለ ወጣ።

አዩት። አገላብጠው አዩት።

"ልጄ ብሩክታዊት፣ እኔ እዚህ ቤት ከዚህ በፊት ገብቼ አውቃለሁ?"

"ኧረ አያውቁም ጋሽ ኑርዬ።"

"እንግዲያስ ሙስበሃዬ ከኔ ቀድሞ ደርሷል።"

አቶ ልሳኑ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። መጋረጃው ብቻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አክስቴ አፏን በእጇ አፍና ነው፣ ግን ሳቅ ታፍኖ ያውቃል? ፈነዳባት። በዚያው ቅጽበት እትዬ ጥሩወርቅ በጓሮ በር "በሉ ፍጠኑ፣ ሶፋዬን አምጡ፣ ወደኔ..." እያለች ገብታ ኮሚቴው ፊት ድርቅ አለች።

ኢንጂነሯ ብድግ አለች። "የማን ነው ሶፋው?"

"የኔ አይደለም" አለች እማማ ስንዱ።

"የኔም አይደለም" አለች እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነገሩ ግብር እንደሚያስጨምር ወዲያው ገብቷት።

"የጎረቤታችሁ የጋሽ ማንያዘዋል ነው?"

"እሱማ የት ያውቀዋል!" አሉ ሁለቱም።

ጋሽ ኑርዬ ላስቲኩን መታ መታ አደረጉት። "ባለቤት የሌለው ንብረት ነዋ። እንግዲያ ጋሪ ጥሩልኝ፣ እኔ እወስደዋለሁ። ወገቤንም ያመኛል።"

"ኧረ የኔ ነው!" አለች እትዬ ጥሩወርቅ። "ልጄ ነው የላከልኝ! ከአዋሳ!"

በቃ፣ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ልሳኑ እንኳ ሳቀ። ኢንጂነሯ ብቻ አልሳቀችም፤ ግራ ገብቷታል። "እማማ ስንዱ፣ እኔኮ የመጣሁት ልረዳችሁ ነው። ራሳችሁ ተቸግረናል ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ስመጣ ሀብታም ሆናችሁ ትጠብቁኛላችሁ?"

እማማ ስንዱ ነጠላዋን አስተካከለች። "ልጄ፣ ጽፈናል። ወረቀት አያፍርም። የሚያፍረው ሰው ነው። አንቺን የምታህል ልጅ ቤቴ ገብታ ‘አረፍ በይ’ የምልበት ሳጣ... አንቺ ብትሆኚስ?"

ኢንጂነሯም "እኔም እናቴ እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ነበር የምትልከኝ፣ ብርጭቆ ልዋስ" አለች፤ ይሄኔ እሷም ሳቀች። እማማ ስንዱንም እጇን ይዛ "በሉ እውነተኛውን ቤት ያሳዩኝ" አለቻት። አየች፣ አቶ ልሳኑ ጻፈ። ለእትዬ ጥሩወርቅም ነገረቻት፤ ቅናሽ አይደርስዎትም፣ ግን ከፋፍለው ይከፍላሉ። ጥሩወርቅ ይሄንንም ሰምታ ሶፋዋን አቀፈችው፤ ጋሽ ኑርዬን በዓይኗ እየጠበቀች።

ከዚያ ጋሽ ኑርዬ "በሉ ወደ መጀመሪያው ቤት እንመለስ" አሉ።

ጋሽ ማንያዘዋል ሶፋው በነበረበት ቦታ መሬት ላይ ተቀምጧል። አስካለ አበባውን ልትመልስ ይዛ ቆማለች። ኮሚቴው ሳይጠራ ሲገባ አበባውን ከኋላዋ ደበቀች፤ የምትደብቀው ነገር ለምን አበባ እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

"እትዬ አስካለ" አሉ ጋሽ ኑርዬ፣ "ከሶፋው ጋር ተዋውቀናል። እስቲ አሁን ደግሞ ከቤቱ አስተዋውቂን።"

እሷ ባሏን አየች። ይቆጣል ብላ ነው። ሰውዬው ግን "እንደወደድሽ አስኩ" አለ፤ "አንቺ ካልሽ ይቅር። ዘንድሮንም እንችለዋለን፤ ሳፋው ለምዶናል።"

እንዲህ ሲላት ጊዜ አበባውን አስቀመጠች። መጥረጊያውን አነሳች፣ እንጨቱን አቡጀዲው ጥግ ውስጥ ሰካችና በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። ሚስማሩ ተራ በተራ እየተነቀለ፣ ነጩ ጨርቅ ከነአቧራው ወረደ። አሮጌውን ኮርኒስም ይዞት ወረደ። በላዩ ያለው ቆርቆሮ ወንፊት ነው። የግንቦት ፀሐይ በየቀዳዳው ገብታ መሬቱን፣ አልጋውን፣ የአቶ ልሳኑን ወረቀት ነጠብጣብ አደረገችው።

አስካለ ግን ገና አልጨረሰችም። እንዴ፣ አንዴ ከተገለጠማ! አልጋ ሥር ገብታ ሳፋዋን፣ ድስቷን፣ ጣሳዎቿን አወጣችና ቦታ ቦታቸው አስቀመጠቻቸው። "ሳፋው የዚህኛው ቀዳዳ ነው። ድስቷ የዚያች። ይሄ ደግሞ ነፋስ ሲኖር ዝናቡን ወዲህ ወዲያ ስለሚወረውር ሁለት ጣሳ ነው የሚጠብቀው። እዚህ ጋ እግራችንን አጥፈን ነው የምንተኛው። ያው ለምደነዋል።" ቀዳዳዎቹን ስማቸውን እንደምታውቃቸው ልጆች ነው የምታስተዋውቀው አለችኝ አክስቴ፤ ተከትላ ገብታ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ኢንጂነሯ ቀድሞ የተጻፈውን አሠርዛ እንደገና አስጻፈች። "ማመልከቻው ላይ ያነበብኩት ቤት ይሄ ነው" አለች። "ቅናሹ ይገባችኋል። እኔ እፈርማለሁ። ያጠራቀማችሁትን ብር ግብሩ ሳይበላው ቆርቆሮ ግዙበት።"

ጋሽ ማንያዘዋል ከመሬት ሲነሳ የጡረተኛ አነሳስ አልነበረም አሉ። አቶ ልሳኑን አቅፎ ሳመው፤ ለምን እሱን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቅርብ የነበረው እሱ ነው መሰለኝ። ደግሞ ወደፊት ሮጥ ብዬ ልንገራችሁ፣ ቆርቆሮው ሰኔ ሳይጋመስ ተቀይሯል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ለታ ባልና ሚስቱ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ አመሹ ይባላል። መጀመሪያ ያልኳችሁ አባባል ግን የተወለደችው ያን ዕለት፣ ያ የተቀዳደደ ጣሪያ ሥር ነው።

ሁሉም ሲደሰት አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛ ቀርታ ነበር። "ቢሆንም ጋሽ ኑርዬ" አለች፣ "እንግዳ ቤቴን እንዲህ ሆኖ አየው። ለምን ደበቅሽ አይበሉኝ፤ ልማዴ ነው።"

ጋሽ ኑርዬ ወደ ቀዳዳዎቹ ቀና አሉ፣ ፊታቸው ላይ የፀሐይ ነጠብጣብ አርፏል፣ ሙስበሃቸውንም አንድ ፍሬ አሳለፉና "አይክፋሽ አስካለ" አሉ፤ "ከእንግዳ የሸሸጉትን ቀዳዳ፣ ዝናብ ያውቀዋል።"